ስለ ሰንበት፦ የፈተናና የፈረቃ ሰሌዳ ለምታወጡ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ፈተና ክፍሎች፣ ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሎች፣ ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች፣ የሆስፒታልና የፋብሪካ ፈረቃ ለምትመድቡ

ጉዳዩ፦ አንዱ የሰንበት ትእዛዝ በየእምነቱ በተለያየ መንገድ ስለሚጠበቅ፣ ሰሌዳ ሲወጣ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

«የጽሑፍ ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይሰጣል» የሚል ማስታወቂያ ስትለጥፉ ለአብዛኛው ተፈታኝ የሚመች ቀን መርጣችኋል። ሠራተኛው ከሥራ ገበታው አይቀርም፣ የመማሪያ ክፍሎች ባዶ ናቸው፣ ፈታኝም አይቸግርም። በዚያው ማስታወቂያ ግን ሰንበቱን ቅዳሜ የሚጠብቅ ሰው ከእንጀራውና ከእምነቱ አንዱን እንዲመርጥ ተገድዷል። ይህን በክፋት እንደማታደርጉት እናውቃለን። ከጀርባው ያለው አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው፤ ክርስቲያን ሁሉ እሑድ ያርፋል፣ ሙስሊም ዓርብ ያርፋል፣ ቅዳሜ የማንም አይደለም የሚል። ሦስቱም ስሕተት ናቸው።

እኛ የሃይማኖቶችን ሕግ ጎን ለጎን የምናስተምርና የፈተና ሰሌዳ ሲወጣ የምናማክር ሰዎች ነን። ልመናችን አጭር ነው። ቅጹ ላይ «ሃይማኖት» የሚለውን ጥያቄ ተዉት፤ ሰውየው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደማይሠራና የትኛውን ሥራ እንደማይሠራ ጠይቁ። የሃይማኖት ስም ብቻውን ይህን አይነግራችሁም። ለምን እንደማይነግራችሁ ግን ረዘም አድርገን ማስረዳት ይኖርብናል።

ትእዛዙ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ስድስት ቀን ሥራ፣ ሰባተኛው የእግዚአብሔር ሰንበት ነው፣ በእርሱ ምንም ሥራ አትሥራ ይላል። ዘጸአት ምክንያቱን ከፍጥረት ያመጣዋል፤ ፈጣሪ በስድስት ቀን ፈጥሮ በሰባተኛው ዐርፏልና። ዘዳግም ደግሞ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ ይላል። በሁለቱም ቦታ ዕረፍቱ የቤቱ ጌታ ብቻ አይደለም፤ ልጁ፣ ሎሌው፣ ገረዱ፣ ከብቱ፣ በደጁ ያለው እንግዳ ሳይቀር ያርፋል። ትእዛዙ ከመነሻው አሠሪን ነው የሚያናግረው፣ ማለትም እናንተን። የተቀበሉት ሁሉ ቃሉን አይክዱም። የሚለያዩት ቀኑ የትኛው ነው፣ መቼ ይጀምራል፣ ሥራ የሚባለው ምንድን ነው፣ ከክልከላው የሚወጣውስ ማን ነው በሚሉት ላይ ነው።

ቁጥሩ እንኳ አንድ አይደለም። አይሁድ፣ አድቬንቲስቶች፣ ቃለ ሕይወትና አብዛኞቹ የወንጌል አማኞች ሰንበትን አራተኛ ትእዛዝ ይሉታል። ካቶሊኮችና ሉተራዊቷ መካነ ኢየሱስ ስለ ምስል የሚናገረውን ከመጀመሪያው ትእዛዝ ጋር አንድ አድርገው ስለሚቆጥሩ ሰንበት ሦስተኛ ይሆናል። በኦርቶዶክስ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ልጆች በቃላቸው በሚይዙት ዝርዝርም ሦስተኛ ነው፤ የዝርዝሩ ዐሥረኛ ደግሞ ከዘሌዋውያን 19 የመጣው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ነው። ስለዚህ «በአራተኛው ትእዛዝ መሠረት ፈቃድ እጠይቃለሁ» ብሎ ማመልከቻ ያስገባ ሠራተኛ ትእዛዙን አላሳሳተም፤ የሚቆጥርበት መንገድ ከመዝገብ ቤት ኃላፊው ስለተለየ ብቻ ማመልከቻው ወደ ጎን እንዳይደረግ።

ከአገራችን እንጀምር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰንበት አላት፤ ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት፣ እሑድ ሰንበተ ክርስቲያን። ይህ እንዲሁ በልማድ የመጣ ሳይሆን ረጅም ክርክር የተደረገበት ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም ይከበር ብለው አስተማሩ፤ ከአገራቸው ወጥተው በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከቤተ መንግሥቱም ከግብፃውያን ጳጳሳትም ጋር እንደተጣሉ ቆዩ። በ1404 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዳዊት ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በ1450 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርተው፣ ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም ተስማምተው፣ የሁለቱ ሰንበት መከበር የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሆነ።

አከባበሩ ግን የራሱ መልክ አለው። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. ባወጡት የሃይማኖት መግለጫ ነገሩን ለይተው አስቀምጠዋል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ አይሁድ በዚህ ቀን ውኃ አይቀዱም፣ እሳት አያነድዱም፣ አይጋግሩም፣ ከቤት ወደ ቤት አይሄዱም፤ እኛ ግን ቁርባን እናቀርብበታለን፣ ማዕድ እናበላበታለን፣ ከእሑድ ጋርም እኩል አናደርገውም። ዛሬም የምታዩት ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ይቀደሳል። ከቀዳም ሥዑር በቀር በቅዳሜና በእሑድ ከእህል ከውኃ ተከልክሎ መዋል የለም፤ በዐቢይ ጾም ሥጋና ወተት ባይቀመስም ማለት ነው። በገጠር ብዙ ቦታ ቅዳሜ በሬ አይጠመድም። የላሊበላ ትልቁ ገበያ ግን የሚቆመው ቅዳሜ ነው፤ በሬ ያልጠመደ ገበሬ እህሉን ጭኖ ገበያ ሲወጣ ማንም አይገርመውም። ከተማ ውስጥ ደግሞ ቅዳሜ ቢሮ ገብቶ የሚሠራ፣ እሑድ ጠዋት ግን ቅዳሴ እንዲያልፈው የማይፈልግ ምእመን ብዙ ነው። ቅጹ ላይ «ኦርቶዶክስ» ተብሎ ሲሞላ ስለ ቅዳሜ ምን አወቃችሁ? ከገጠር የመጣው ተፈታኝና ከተማ ያደገው ተፈታኝ ያው አንድ ቃል ሞልተው የተለያየ ቅዳሜ አላቸው።

ቀኑን በትእዛዝ ለመለወጥ የተሞከረበትንም ዘመን ታሪካችን መዝግቦታል። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው የቅዳሜን ማክበር ሲከለክሉ አመፅ ተነሣ፤ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1632 እ.ኤ.አ. የቀደመው ሃይማኖት ተመልሶ ዙፋኑ ለልጃቸው ለፋሲል ተላለፈ። ምክንያቱ ቅዳሜ ብቻ አልነበረም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን እርሱ ነበር። የሰው የዕረፍት ቀን በዚህ አገር ትንሽ የአስተዳደር ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ደግሞ ቤተ እስራኤል የሚባሉት ኢትዮጵያውያን አይሁድ ይኖሩ ነበር። መጽሐፈ ኩፋሌ ለእነርሱም ለኦርቶዶክሱም ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ኩፋሌ በመጨረሻው ምዕራፉ በሰንበት የተከለከለውን ይዘረዝራል፦ ማረስ፣ መንገድ መሄድ፣ እሳት ማንደድ፣ በእንስሳ ወይም በመርከብ መጓዝ፣ ማረድ፣ ውኃ መቅዳት፣ ሸክም መሸከም፣ መዋጋት፣ መጾም፣ ከሚስት ጋር መተኛት። ቤተ እስራኤል ይህን እንደ ተጻፈው ያዙት። ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ ዳቦው ይጋገራል፣ ወጡ ይሠራል፣ ልብስና ገላ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። ከዚያ ምድጃው ይጠፋል፤ ቅዳሜ የሚበላው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። ጎረቤታቸው ኦርቶዶክስ ደግሞ በዚያው ማለዳ ጧፍ አብርቶ፣ ዕጣን አጢሶ ያስቀድሳል። ኩፋሌን ከወንጌልና ከሥርዓት መጽሐፉ ከዲድስቅልያ ጋር አስማምቶ ስለሚያነበው የእሳቱ ክልከላ እርሱን አይዘውም።

ቤተ እስራኤል እስራኤል ሲገቡ ደግሞ ሌላ አተረጓጎም ጠበቃቸው። ረቢዎቹ፣ ማለትም የአይሁድ የሕግ መምህራን፣ የሚከለክሉት በሰንበት እሳት መለኮስን ነው፤ ዓርብ የተለኮሰው ሲነድ ቢያድር ይፈቅዳሉ፣ እንዲያውም ዓርብ ተጥዶ ያደረ ትኩስ ምግብ መብላት ለሰንበት ክብር ነው ይላሉ። ባልና ሚስትንም በተመለከተ ኩፋሌ የከለከለውን እነርሱ ከሰንበት ደስታ ይቆጥሩታል፤ ኩፋሌ በእነርሱ ዘንድ ከቅዱሳት መጻሕፍት አይደለምና። ስለዚህ «አይሁድ» የሚለውም ቃል ቢሆን የአረጋዊውን የቤተ እስራኤል ቄስና በእስራኤል ያደገውን የልጅ ልጁን ቅዳሜ አንድ አያደርገውም።

የረቢዎቹ ሕግ ዝርዝር ስለሆነ ለሰሌዳ አውጪ ሥራ ያቀልላል። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሰበሰበው የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና «ሥራ» የሚባለውን ከአርባ ላይ አንድ አጉድሎ 39 ዓይነት ያደርገዋል፦ መዝራት፣ ማጨድ፣ መጋገር፣ መስፋት፣ እሳት ማንደድና ማጥፋት፣ ዕቃ ከቤት ወደ አደባባይ ማውጣት፣ መጻፍም። ሁለት ፊደል መጻፍ እንኳ ክልከላውን ያፈርሳል። እንዲህ ያለ ተፈታኝ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ቢቀመጥም ስሙን አይጽፍም፣ በመዝገብ ላይ አይፈርምም፣ የጣት አሻራ መሣሪያ አይነካም፣ በመኪና አይመጣም። መታወቂያውንም በኪሱ ይዞ መንገድ ላይ አይወጣም፤ እርሱም ሸክም ነው።

የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ከዚህ ይለያል። ቀኑ ያው ቅዳሜ ነው፣ መነሻውም ያው የዓርብ ጀንበር መጥለቅ። ነገር ግን መብራት ያበራል፣ መኪና ነድቶ ጸሎት ቤት ይሄዳል፣ መታወቂያ ይይዛል፣ መገኘቱን ቢፈርም አይቸገርም። የማያደርገው መደበኛ ሥራ፣ ንግድ፣ ትምህርትና ፈተና ነው። ለአድቬንቲስቱ የበቃው ዝግጅት ለአይሁዱ አይበቃም ማለት ነው። ሁለቱን «የቅዳሜ ሰዎች» ብሎ በአንድ መስመር ማስፈር ብዙ ጊዜ ያየነው ስሕተት ነው።

እሑድን የሚጠብቁትም እንዲሁ ናቸው። ለካቶሊክ ዋናው ግዴታ በቅዳሴ መገኘት ነው፣ የቅዳሜ ማታ ቅዳሴም ይህን ግዴታ ይፈጽማል። እሑድ ጠዋት ተረኛ የሆነች ካቶሊክ ነርስ ቅዳሜ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ብትለቀቅ ሊበቃት ይችላል። ሉተር በትንሹ የትምህርት መጽሐፉ ይህን ትእዛዝ ሲፈታ የቀን ስም አያነሣም፤ ቃሉን አለመናቅ፣ በደስታ መስማትና መማር ነው ይላል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው የጠዋቱ አምልኮ ካልተነካበት የቀረውን እሑድ ሊሠራ ይችላል። እሑድን ሙሉውን ከሥራ የሚለዩ የወንጌል አማኞችም አሉ።

ወደ ዓርብ ስንመጣ ግምቱ ይበልጥ ይርቃል። በእስልምና ሰንበት ለእስራኤል ልጆች የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ቁርአን በምዕራፍ 4 እና በምዕራፍ 16 ይጠቅሰዋል። ምዕራፍ 50 ሰማያትና ምድር በስድስት ቀን ሲፈጠሩ ለፈጣሪ ምንም ድካም እንዳልነካው ይናገራል። ምዕራፍ 62 የሚያዝዘው የጁሙዓ፣ ማለትም የዓርብ ቀትር የጋራ ሶላት፣ ጥሪ ሲሰማ ንግድን ትቶ ወደ ሶላት መሄድን ነው፤ ሶላቱ ሲያበቃም በምድር ላይ ተበትኖ የአላህን ችሮታ መፈለግን። ስለዚህ ሙሉ ዓርብ ዕረፍት የሰጠ አሠሪ ያልተጠየቀውን ሰጥቷል። ዓርብ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባ የጠራ ግን የሚተካ የሌለውን ነገር ወስዷል፤ ጁሙዓ በጀመዓ (በማኅበር) የሚሰገድ ነውና ላለፈው ሰው የሚቀረው የዘወትሩ የቀትር ሶላት ዙህር ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ምሳ የሚወጡት ለዚህ ነው። ይህ ሁለት ሰዓት ማንንም አልጎዳም፤ ለቅዳሜም የምንጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሰንበት በጀንበር ነው የሚለካው፤ ጀንበር ደግሞ ከወር ወር ትለዋወጣለች። አዲስ አበባ ላይ በኅዳር መጀመሪያ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ በሐምሌ 12፡50 ገደማ። አድቬንቲስቱ ከጀንበር እስከ ጀንበር ይቆጥራል። ረቢዎቹን የሚከተል አይሁድ ግን በብዙ ቦታ ልማድ ሻማውን ከመጥለቋ 18 ደቂቃ አስቀድሞ ያበራል፣ ቅዳሜ ማታም ሦስት ከዋክብት እስኪታዩ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ስታሰሉት ለአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ አንድ ደንብ ይወጣል፦ ከዓርብ 10 ሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ 1፡30 አማራጭ የሌለው ፈተና አይያዝ። የዓርቡ 10 ሰዓት ሰው ታክሲ ተሰልፎ ቤቱ እስኪደርስ ታስቦ ነው። በውጭ ላላችሁ የማኅበር መሪዎችና አሠሪዎች ይህ ደንብ አይሠራም። ዋሽንግተን በታኅሣሥ ጀንበር በእኛ አቆጣጠር 10፡46 ገደማ ትጠልቃለች፣ በሰኔ መጨረሻ ግን ከምሽቱ 2፡37 ገደማ። ስቶክሆልም በታኅሣሥ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች፤ እዚያ የዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ራሱ ሰንበት ውስጥ ነው።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ከእነዚህ ከየትኛውም ጋር አይገጥምም። ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል፤ በተቻለ መጠን እሑድ እንዲውል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ያለውን ጊዜም እንዲይዝ ያዛል። የዕረፍት ቀኑ ወደ ቅዳሜ የተዛወረለት የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ዓርብ ማታ 2 ሰዓት ገብቶ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ቢወጣ አሠሪው ሕጉን እንዳከበረ ይሰማዋል፤ ሠራተኛው ግን የሰንበቱን ዐሥር ሰዓት ሠርቷል። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ቢመደብ ደግሞ ምንም አይቸገርም፤ ሰንበቱ አልቋል። ያስፈለገው ተጨማሪ ቀን ሳይሆን ሁለት ፈረቃ መለዋወጥ ነበር። የፈረቃ መዳቢዎች ይህን አንድ ነገር ቢያውቁ የአብዛኛው አቤቱታ መንሥኤ ይጠፋል ብለን እናምናለን።

ፈተናን በሚመለከት መጀመሪያ የምንመክረው ከሰኞ እስከ ሐሙስ መያዝ ነው። የማይቻል ከሆነ ዓርብ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያለው ክፍተት ከጁሙዓ በኋላ፣ ከሰንበት በፊት ነው። ቀጥሎ እሑድ 8 ሰዓት ይመጣል፤ ቅዳሴውም የወንጌል አማኞች ጉባኤም በአብዛኛው ያበቃል። እሑድን ሙሉውን ለሚለየው ግን ሌላ ቀን ያስፈልጋል። በአሜሪካ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሆነው ኤስኤቲ ቅዳሜ ሲሰጥ፣ በሃይማኖት ምክንያት መቀመጥ ለማይችሉ የእሑድ ፈተና ሲያዘጋጅ ኖሯል።

አማራጭ ፈተና ሲባል ጥያቄዎቹ የተለዩ ሁለተኛ ቅጂ ማለት ነው። የቅዳሜውን ወረቀት እሑድ ደግሞ መስጠት አይቻልም፤ ጥያቄው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ በቴሌግራም ይዞራል፣ ከዚያ ሰንበቱን ያከበረው ተፈታኝ በኩረጃ ይጠረጠራል። ሁለተኛ ቅጂ የማዘጋጀት አቅም ከሌለ የቀረው መንገድ ለይቶ ማቆየት፣ ማለትም ተፈታኙን ሰንበቱ እስኪያልቅ ከሌሎቹ ለይቶ አቆይቶ ማታ መፈተን ነው። ይህ በጥንቃቄ ካልተሠራ ተፈታኙን ይጎዳል፤ ስለዚህ እንደሚሠራ አድርገን እንጻፈው።

ፈተናው ቅዳሜ 3 ሰዓት ከሆነ ተፈታኙ 2፡30 ላይ፣ ሌሎቹ አዳራሽ ሳይገቡ፣ በተለየ ክፍል ይገባል። ስልክና ስማርት ሰዓት ዓርብ ተረክባችሁ በፖስታ አሽጉ፤ መታወቂያውንም እንዲሁ ዓርብ ተቀብላችሁ አቆዩ። የሚፈርመው ካለ ዓርብ ይፈርም፣ ቅዳሜ ጠዋት መዝገብ አታቅርቡለት። ሁለት ተቆጣጣሪ መመደብ አለበት፤ አንዱ ምሳ ሲወጣ ሌላው ይቀራል፣ ወደ መጸዳጃም አብሮ የሚሄድ ይኖራል። ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ለሴት ተፈታኞች ይመቻል። ቀኑን ሙሉ ጸሎት መጽሐፉን ያንብብ፣ ይተኛ፣ ይዘምር፤ የትምህርት ደብተር ግን አይግባ፣ ለሌሎቹ ያልተሰጠ የጥናት ጊዜ ይሆናልና። ምሳው ከቤት የመጣ ይሁን። ከጀንበር መጥለቅ በኋላ እራት ይብላ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ይንቀሳቀስ፣ 1፡30 ላይ ፈተናው ይጀመር።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው «12 ሰዓት ሞላ» ብሎ ወረቀት ያድላል፤ ሐምሌ ከሆነ ጀንበር ገና ሃምሳ ደቂቃ አላት። መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተር የሚያስነሣው ሰው ቤቱ ሄዷል። ፈተናው ማታ 4፡30 ሲያልቅ ትራንስፖርት የለም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ታስሮ የዋለ ሰው ደግሞ ከሌሎቹ እኩል ጭንቅላት የለውም፣ ውጤቱም ያሳያል። ስለዚህ ለይቶ ማቆየት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድረው የሚፈተኑ ከሆነ ግን ግማሹ ችግር አስቀድሞ ተፈትቷል፤ መኝታም ምግብም እዚያው አለ።

ሆስፒታሎችን በተመለከተ መልካም ዜና አለ። ስለ ነፍስ ማዳን ከላይ የጠራናቸው አብዛኞቹ ይስማማሉ። በወንጌል ጌታ በሰንበት ጉድጓድ የወደቀን በሬ ማን አያወጣም ብሎ ይጠይቃል። ሚሽና የሰው ሕይወት በጥርጣሬ ላይ እንኳ ቢሆን ሰንበትን ይሽራል ይላል። አድቬንቲስቶች በየአገሩ ሆስፒታል ሲያሠሩ ቅዳሜ ድንገተኛ ክፍላቸው አይዘጋም። ስለዚህ ሰንበት የሚጠብቅ ሐኪም ቅዳሜ አይሠራም ብላችሁ አትደምድሙ፤ የሚጠይቃችሁ ሥራው እንዲለይለት ነው። ምጥ፣ አደጋ፣ የተኛ በሽተኛን መድኃኒት መስጠት በአንድ በኩል። የመጋዘን ቆጠራ፣ የሂሳብ ማወራረድ፣ የወሩን ሪፖርት መሙላት፣ ለሌላ ቀን ሊቀጠር የሚችል ምርመራ በሌላ በኩል። የቅዳሜ ተረኛ ነርስን ከእነዚህ ሁለተኞቹ ብታሳርፏት አብዛኛው ክርክር ያበቃል።

«መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ስለሆኑ አይመለከተንም» የሚል መልስ ደጋግሞ ይመጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መለያየቱን፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ ሃይማኖትን የመተግበር ነፃነትን አስቀምጧል፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚነበቡት። የሌሎቹንም ልምድ ተመልከቱ። እስራኤል በ1951 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ ለአይሁድ ቅዳሜን፣ አይሁድ ላልሆነ ሠራተኛ ግን ከዓርብ፣ ከቅዳሜና ከእሑድ የእርሱ የሆነውን ትሰጣለች፤ ዕረፍቱም ከ36 ሰዓት አያንስም። በአሜሪካ አንድ የፖስታ ሠራተኛ እሑድ አልሠራም ብሎ የጀመረው ክርክር በ2023 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ አሠሪ የሠራተኛውን የእምነት ጥያቄ ሊከለክል የሚችለው በሥራው ላይ ከባድ ተጨማሪ ወጪ የሚያመጣ ሲሆን ነው ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን ይህን ይዛችሁ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ወጪ አለው መባሉን እኛም አንክድም፤ ባለ አምስት ሠራተኛ ዳቦ ቤትና ባለ አምስት መቶ ሠራተኛ ፋብሪካ እኩል አቅም የላቸውም። ፋብሪካው ግን ፈረቃ ማለዋወጥ ይችላል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳይ የተለየ መልክ አለው። ዕረፍት ዓርብ ሆኖ በኖረባቸው በእነዚህ አገሮች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሳምንታዊ ጉባኤያቸውን ዓርብ ያደርጋሉ፤ ይህንን ሰንበትን እንደ መተው የሚያይ ቢኖርም ጉባኤውን በሕይወት ያቆየው እርሱ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ዕረፍትን ወደ ቅዳሜና እሑድ ማዛወራቸው ለቢሮ ሠራተኛው ረድቷል። በሰው ቤት ለምትሠራዋ ግን የሚወስነው ውሏ ነው። ውል የምታዘጋጁ ኤጀንሲዎች «በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት» ብላችሁ ከማቆም ቀኑን፣ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓቱን፣ በዚያ ሰዓት ከቤት መውጣት መቻሏን ጻፉ። ቀኑ ሳይጻፍ የቀረ ዕረፍት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይሰረዛል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ላይ እንድትጨምሩ የምንለምነው ይህን ነው። ቅጹ «በሳምንቱ ውስጥ በእምነትዎ ምክንያት የማይሠሩበት ወይም የማይፈተኑበት ሰዓት ካለ ከስንት እስከ ስንት?» ብሎ ይጠይቅ። ከሥሩ «በዚያ ሰዓት የማይችሉት ምኑን ነው፦ መጻፍ፣ መፈረም፣ መጓዝ፣ መሣሪያ መንካት፣ ማንኛውንም መደበኛ ሥራ?» ይበል። በመጨረሻም «ለሕይወት አደጋ ሲሆንስ ይገኛሉ?» ይከተል። መልሱ ከፈተናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይሰብሰብ፤ ሁለተኛ ቅጂ ለማዘጋጀት ከዚያ ያነሰ ጊዜ አይበቃም። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከምኩራብ የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ ግን ቅዳሜ የሚጠብቅ ኦርቶዶክሳዊ «ቤተ ክርስቲያንህ አታስገድድህም» ተብሎ እንዳይመለስ፤ ከላይ እንዳየነው ሥርዓቱ የ1450ው ጉባኤ ያጸናው ነው። ቅጹን ተቀብሎ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው ይሰየም፣ ስልኩም ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፤ ተፈታኙ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከዘበኛ ጋር ከሚነጋገር ማክሰኞ ከእርሱ ጋር ይነጋገር።

ከአክብሮት ጋር፣

የሃይማኖት ሕግ መምህራንና የፈተና ሰሌዳ አማካሪዎች